ለሾተላይ ያልታየው ልጅ

«ልጁ የእሷ አይደለም» አለችኝ ዶክተር ሆዳን በስልክ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«የማን ልጅ?»

«የትርንጎ። ደሙ ከእሷ አልወጣም። ሁለት ጊዜ አስደግሜ አሠርቼዋለሁ።»

ቀኑ ረቡዕ፣ ሰዓቱ ስድስት ተኩል ነበር። ጅቡቲን ለማያውቅ አንባቢ ይህ ሰዓት ምን እንደሆነ ልንገር። ጠዋት ወደቡ ይጮኻል፣ ሾፌር ከጸሐፊ ይሰዳደባል፣ ሱቅ ይከፈታል። ቀትር ላይ ግን ከተማው ዐይኑን ይጨፍናል። የጫት መኪና ከኢትዮጵያ እስኪገባ ድረስ መስኮትና መዝጊያው ሁሉ ይዘጋል፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትቆም ሰውም ግንቡም ጥላውን ከእግሩ ሥር ደብቆ ይቀራል። አገር ቤት «ቀትር ላይ ልጅ ከቤት አይውጣ» ሲሉ የምስቀው እኔ፣ እዚህ ከተማ አሥራ ስድስት ዓመት ስኖር በዚያ ሰዓት ከቢሮዬ ወጥቼ አላውቅም ነበር። ምክንያቴ ሙቀቱ ነው እላለሁ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ በአጭሩ ልናገር። ዕድሜዬ አርባ ሰባት፣ ፈት፣ ለሁለት ዓመት ኮንትራት መጥቼ እዚያው የቀረሁ። ቀን ቀን ወደቡ አጠገብ ባለ የትራንዚት ቢሮ ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ፈረንሳይኛ ወረቀት እገለብጣለሁ። ፖሊስ ጣቢያና ሆስፒታል አስተርጓሚ ሲጠፋም የሚጠሩት እኔን ነው። በትርፍ ጊዜዬ አዲስ አበባ ለሚታተም መጽሔት እጽፋለሁ። አንባቢዎቼ ያውቁኛል፤ ሰው ሁሉ በአንድ ነገር ሲስማማ ካየሁ እጄን ይበላኛል። ከዚያ ረቡዕ ሁለት ወር ቀደም ብሎ በሾተላይ፣ በቡዳና በዓይነ ጥላ ላይ ሦስት ገጽ ሙሉ ቀልጄ ነበር። ጥሩ ጽሑፍ ነበር። አሁንም ሳነበው ያስቀኛል፤ መሳቄ ነው የሚያስፈራኝ።

ዶክተር ሆዳን የጅቡቲ ልጅ ናት፤ በልጅነቷ ፈረንሳይ ሄዳ እዚያ ተምራ ተመራማሪ የሆነች። በዓመት ሁለት ጊዜ በረዶ የታጨቀባቸው ሣጥኖች ይዛ ትመጣና አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይታ ደም ትሰበስባለች። የምታጠናው ያለ በሽታ መከላከያ የሚወለዱ ሕፃናትን ነው። «ዘበኛ የሌለው ግቢ» ትላቸዋለች። ሲወለዱ ምንም አይጎድላቸውም፤ ይጠባሉ፣ ይወፍራሉ። ከዚያ ሌላውን ልጅ ሁለት ቀን አስሎ የሚተው ነገር እነሱን ይገድላቸዋል። እሷ በምትከታተለው ዓይነት ጉድለቱን የምታወርሰው እናት ናት፣ የሚሞቱት ግን ወንዶች ልጆቿ። ስለዚህ ወንድ ልጅ በተከታታይ የሞተባቸውን እናቶች ትፈልጋለች። ትርንጎን የጠቆምኳት እኔ ነኝ።

ትርንጎ ጋቦዴ በሚባል ሰፈር አለቃዬ ቤት ተቀምጣ የምትሠራ የጎጃም ልጅ ነበረች። ሦስት ወንድ ልጅ ቀብራለች፤ ሁለቱን አገር ቤት፣ ሦስተኛውን እዚህ። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ከሦስተኛው ቀብር በኋላ አራተኛውን አስረግዟት መስመር ቀይሮ ጠፋ። ስትወልድ ሆስፒታል ሄጄ ጠይቄአታለሁ። ወንድ ነበር። ከዚያ ሥራዋን ትታ ካርቲየ አንድ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየች። ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ልጁን ይዛ ወደ ክሊኒኩ የመጣችው በእኔ ጉትጎታ ነው። ከእሷም ከልጁም ደም ተወሰደ፤ እኔ አስተረጎምኩ።

«እንዴት የእሷ ላይሆን ይችላል?» አልኳት ዶክተሯን። «ስትወልድ አይቻታለሁ እኮ።»

ዶክተር ሆዳን ስታስረዳ ድምፅዋን አትቀያይርም። «እናት ከዚህ የዘር ክር ሁለት አላት፤ ለወንድ ልጇ አንዱን ትሰጠዋለች። ወንድ ልጅ ከሌላ ከማንም አያገኘውም። ከትርንጎ ሁለት ክሮች አንዱ ላይ የምፈልገው ጉድለት አለ። ልጁ ያለው ግን ከሁለቱም አይደለም፤ የሌላ ሴት ነው። ልጁም ፍጹም ጤነኛ ነው።» ቀጠለችና፤ «ሰብለ፣ ያ የወለደችው ልጅ የት ነው?»

ኤሲው ከራሴ በላይ እያጉረመረመ አንገቴን ቀዘቀዘኝ።

ቀጥላ የነገረችኝ ይህን ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ለአንድ ልጅ የተያዘ የሕክምና ቦታ አለ፤ እስከ ነገ ማታ ካላረጋገጠች ተራ ለሚጠብቅ ለሌላ አገር ልጅ ይሰጣል። ትክክለኛው ልጅ ጉድለቱን ወርሶት ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ እኩል በእኩል ነው። «ቀደም ሲል ከሞቱት ከሦስቱ ስንነሳ ግን ጊዜ የለንም» አለች። «በስንት ወራቸው ነበር የሞቱት?»

«ስድስተኛ ወራቸውን ሲይዙ» አልኩ። ይህን እኔ ራሴ ነበርኩ የተረጎምኩላት።

ታክሲ አልነበረም። በእግሬ ሄድኩ። ከወደቡ እስከ ካርቲየ አንድ ድረስ ያገኘሁት አንድ ፍየል ብቻ ነው፤ እሱም ቆሞ አየኝ እንጂ አልተንቀሳቀሰም። የራሴን እርምጃ ድምፅ እየሰማሁ ስሄድ፣ አንድ የረሳሁት መስሎኝ የነበረ ነገር ከኋላዬ እየተከተለኝ መጣ። ዐረፍተ ነገር ነበር።

በክሊኒኩ ያን ቀን፣ ትርንጎ የሦስቱን ልጆች ነገር ብዙ ካወራች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ ብላኝ ነበር፤ «ይኼኛውን ለሾተላይ አላሳየሁትም፣ እትዬ። ሌላ ነው ያሳየሁት።» ዶክተሯ «ምን አለች?» ስትለኝ፣ «ጸሎት አድርጌያለሁ ነው የምትለው» አልኳት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አውቃለሁ። በአገሬ ሰው አፍሬ ነው። በመስታወት ዕቃና በነጭ ጓንት መካከል ተቀምጬ፣ በዚያ በጠራ ፈረንሳይኛዬ፣ «ሾተላይ» የሚለውን ነገር ማስረዳት አልፈለግኩም። አንዲት ዐረፍተ ነገር ነች የቆረጥኳት። የሁሉም ነገር ቁልፍ እሷ ነበረች።

የግቢው በር ገርበብ ብሏል። የትርንጎ ጎረቤት ዘይነባ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ልብስ ታጥባለች። ወሎዬ ናት፤ እሷም እንደ ትርንጎ የሚጠባ ልጅ እንዳላት ሰምቼ ነበር፤ ልጇን ግን አይቼው አላውቅም። እስካሁን ይህ ነገር አልገረመኝም ነበር።

«እትዬ፣ በቀትር?» አለችኝ ከሳፋው ቀና ብላ። «ጋኔን እንኳ በዚህ ሰዓት ጋደም ይላል።»

ትርንጎ ክፍሏ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ ልጁን ታጠባለች። ስታየኝ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ልጄን እያጠባሁ ነው። ልጄ ደህና ነው።» የምታየው እኔን አልነበረም። በትከሻዬ ላይ አሻግራ በሩን ነበር የምታየው። ዘወር አልኩ። ማንም የለም፤ ነጭ ብርሃን ብቻ።

«ትርንጎ፣ ዶክተሯ ደወለችልኝ» አልኩ።

«ልጄ ጤነኛ ነው አለች፣ አይደል?»

«ጤነኛ ነው አለች። ያንቺ አይደለም አለች።»

እጇ ተወርውሮ አፌን ያዘኝ። የእሷን ሳይሆን የእኔን። ጣቶቿ ሳሙና ሳሙና ይሸታሉ። ዐይኗን ከበሩ ሳትነቅል በከንፈሯ ብቻ፣ ያለ ድምፅ፣ «ቀስ» አለችኝ። ወዲያው ጮክ ብላ፣ «የማን ሊሆን ኖሯል? የኔ ነው» አለች፤ ለእኔ አይደለም፣ ለበሩ። እውነት እላችኋለሁ፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ጠጉሬ ሲቆም ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው።

እጄን ይዛ ወደ ቆርቆሮው ጥላ፣ ዘይነባ ወደምታጥብበት ወሰደችኝ። ውሃው እንዲጮኽ ቧንቧውን ከፈተችው።

«ማን ማን ያውቃል?»

«ዶክተሯ። እና እኔ።»

ዘይነባ ልጁን ከትርንጎ ተቀበለችና በአንድ እጇ አቀፈችው። የራሷ ልጅ ነበር፤ አብዱ። «የፈረንጅ አገር ሐኪም ደሙን ገዝግዛ ነው ይኼን ያወቀችው?» አለች። «ጆሮውን ብታየው አይበቃትም? ወላሂ የአባቱ ጆሮ ነው፣ ከሩቅ ይታያል። አንቺ ግን እትዬ፣ ያን ቀን አፍንጫው ቁርጥ ትርንጎን ብለሽ ነበር አሉ።»

ብያለሁ። እንዲያውም ሁለት ጊዜ ነው ያልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ትርንጎ በወለደች በሳምንቷ ልጆቹን ተለዋወጡ። ትርንጎ አብዱን ይዛ ትወጣለች፣ ገበያ ታዞረዋለች፣ «ልጄ» ትለዋለች፤ ሾተላይ ሲመጣ የሚያገኘው ጤነኛውን የዘይነባን ልጅ ነው፣ ያ ደግሞ የሾተላይ ድርሻ ስላልሆነ አይነካውም። የትርንጎን ልጅ ዘይነባ ጓዳዋ ውስጥ ታጠባዋለች። «አሁን የጡት ወንድማማቾች ናቸው» አለች ዘይነባ። «ሾተላይስ ቢሆን እስላም ቤት ምን ጉዳይ አለው?»

«ልየው» አልኩ።

«አይታይም» አለች ትርንጎ። ተቆጥታ አልነበረም፤ ሕግ እንደሚነግር ሰው ነው ያለችው። «ሦስቱም የሞቱት ሰው ካያቸው ወዲያ ነው። የመጀመሪያው ክርስትናው ዘግይቶ ተደግሶ አገር ሲስመው፤ በስምንተኛው ቀን አልጋ ያዘ። ሁለተኛውን ሊያዩ የባሌ ዘመዶች መጥተው እኛ ዘንድ አደሩ። ሦስተኛውን እዚህ ሾፌሮች ሊጠይቁ መጡ፣ አንዱ ያስለው ነበር። በትንፋሽ ነው የሚገባው፣ እትዬ። አስተውዬዋለሁ። ሰው ሲመጣ ይመጣል፣ ሰው ካልመጣ አይመጣም።» ፊቷን ወደ ግንቡ አዞረች። «ለዚህ ብዬ ክርስትናም አላስነሳሁት።»

ይህንኑ ነገር ከአንድ ወር በፊት በዶክተር ሆዳን ወረቀቶች ላይ አንብቤዋለሁ። እዚያ ቃላቱ ረዘም ይላሉ።

ሐሳቧን ያስቀየራት አንድ ነገር ነው። «ዘይነባ፣ ደህና ነው?» ብዬ ስጠይቅ ዘይነባ ቶሎ አልመለሰችም። ትርንጎ ያን ዝምታ ሰማች። ከዚያ፣ «እትዬ ትግባ» አለች።

ዘይነባ ክንዴን እስከ ክርን ድረስ ሁለቴ በሳሙና አሳጠበችኝ። ጫማዬን አስወለቀችኝ። ገመድ ላይ የተሰቀለ፣ ተቀቅሎ የደረቀ ቀሚስ አለበሰችኝና አፍና አፍንጫዬን በነጠላ አሰረችው። «ሽታሽን እንዳያውቀው ነው» አለችኝ። ማን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ጓዳው መስኮት የለውም። በሩ ላይ የረጠበ አንሶላ ተሰቅሏል። ቆርቆሮው ይግላል። መሀል ላይ ከመሬት ከፍ ያለ ሣጥን፣ በሣጥኑ ላይ ነጭ አጎበር፣ በአጎበሩ ውስጥ ልጁ።

ነቅቷል። አያለቅስም። እንደዚያ ያለ ዝም ያለ ሕፃን አይቼ አላውቅም። «አናነጋግረውም» አለችኝ ዘይነባ በሹክሹክታ። «ስምም አንጠራም። ‹ያ› ብቻ ነው የምንለው።» ልጁ ዐይኔን አየኝ፤ አልፈራም፣ አልሳቀም። ሌላ ሕፃን ቢሆን የታሰረ ፊት ሲያይ ይደነግጥ ነበር። ይህ ግን በተወለደ በአምስት ወሩ አንድም የሰው አፍ አላየም። ሰው ማለት ለእሱ ሁለት ዐይን ነው። ሁለት ዐይን ይመጣሉ፣ ጡት ይሰጣሉ፣ ይሄዳሉ።

ከዚያ ደረቱን አየሁ። ሲተነፍስ በጎድኑ መካከል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል። ምላሱ ላይ የማይጠረግ ወተት የመሰለ ነጭ ነገር ጋግሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሰኞ» አለች ዘይነባ። «ለእሷ አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ ልንገራት?»

ለዶክተር ሆዳን ደወልኩ፤ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደረሰች። ዘይነባ ሳፋውንና ሳሙናውን ስታቀርብላት፣ የተቀቀለውን ቀሚስ ስትዘረጋላት፣ ነጠላውን ስታነሳ፣ ዶክተሯ ቦርሳዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«ይህን ማን አስተማራቸው?»

«ማንም። ሦስት ልጅ ቀብራ ነው የተማረችው።»

ዶክተሯ ታጠበች። የእሷ ተማሪዎች ይህን ያህል አጥብቀው እንደማይታጠቡ በኋላ ነግራኛለች። ደግሞም ልጁ ተደብቆ በመክረሙ ክትባት አልወሰደም ነበር፤ ለሌላው ልጅ መድኃኒት የሆነው ሕያው ክትባት ለእንዲህ ያለው ልጅ በራሱ በሽታ ይሆናል። ገብታ አዳመጠችው። ስትወጣ ፊቷ ተለውጧል። ዛሬውኑ ሆስፒታል ለብቻው ክፍል መግባት አለበት አለች። ደሙን ግን አሁኑኑ፣ በማታው አውሮፕላን እንዲሄድ ትፈልጋለች፤ ለዚያም የእናቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

«ልጇ መሆኑን ጠይቂልኝ።»

ጠየቅኩ። ትርንጎ በሩን አየች። «አይደለም» አለች ጮክ ብላ። «የዘይነባ ነው።»

«እናቱ በካደችው ልጅ ላይ መርፌ አልሰካም» አለች ዶክተሯ። «ሕጉም አይፈቅድልኝ፣ እኔም አላደርገውም።»

እዚህ ላይ ነገሩ ቆመ። አንዲት ሴት «ልጄ ነው» ማለት አለባት፤ ያን ካለች ደግሞ እንደ እሷ እምነት ልጇን በገዛ አፏ አሳልፋ ሰጠችው ማለት ነው። በመጽሔቴ ላይ ብሆን ኖሮ ሁለት መስመር ስድብ ይበቃኝ ነበር። ከጓዳው ግን የዚያ ሕፃን አተነፋፈስ ይሰማል።

ትርንጎ በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቀች። «እሺ፣ ምን ልታደርጉት ነው?»

ዶክተሯ ተንበርክካ፣ ዐይኗን በዐይኗ እያየች ነገረቻት፤ እኔ ተከተልኩ። ከልጁ መቅኔ ትንሽ ይወሰዳል። በመቅኔው ሕዋሳት ውስጥ አንዲት ፊደል ተበላሽታለች። ትክክለኛዋን ፊደል የሚያስገባላቸው ቫይረስ ነው።

«በሽታ?» አለች ትርንጎ።

«በሽታው የወጣለት። ቆዳው ብቻ ነው የቀረው። ውስጡ ትክክለኛዋ ፊደል ያለችበት ደብዳቤ ይዟል።»

ትርንጎ አሰበች። «እና ሕዋሱ በር የሚከፍትለት የድሮው በሽታ መስሎት ነው?»

«አዎ።»

«ታታልሉታላችሁ ማለት ነው።»

ዶክተር ሆዳን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ሥራዬ እሱ ነው» አለች። ቀጥላ ግን ፈገግታዋ ጠፋ፤ ሳትጠየቅ ሌላውን ነገረቻት። ቀደም ባለው ጊዜ በዚህ መንገድ ከታከሙት ልጆች መካከል ደብዳቤው ያለ ቦታው ገብቶባቸው የደም ካንሰር የያዛቸው አሉ። የሞቱም አሉ። አሁን አሠራሩ ተቀይሯል፤ አደጋው ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። በሕይወት ዘመኑ ሁሉ ክትትል ይፈልጋል።

ዶክተሯ ጨርሳ አየችኝ። ምላሴ ላይ ቢላዋው ተዘጋጅቷል። «ትንሽ አደጋም አለው ትላለች» ብል ይበቃል፤ አሥራ ስድስት ዓመት የኖርኩበት ሙያ ነው፣ ለሰው ደግ መስዬ ሰውን መቁረጥ። ይህች ሴት በአንድ ቃል ከደነገጠች ልጁ ያበቃለታል። ሁሉንም ተረጎምኩት። ካንሰር አልኩ፣ «ሞተዋል» የሚለውንም አልዘለልኩም።

ዘይነባ አብዱን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ኧረ እትዬ፣ ምነው ይኼን እንኳ ብትተይው።»

«ተያት» አለች ትርንጎ። ወደ እኔ ዞረች። «ያን ቀን ክሊኒክ እኔ ብዙ አወራሁ፣ አንቺ ለእሷ አንድ አፍ ብቻ ተናገርሽ። አስተውዬ ነበር። ከዚህች ጋር የሚያገናኘኝ ሌላ ሰው የለም ብዬ ተውኩት። ዛሬ ነው እኩል ያወራሽው።»

 

ለመርፌ ልጁን ማን ይያዘው ሲባል ዘይነባ መርፌ ሳይ እወድቃለሁ አለች። ትርንጎ ተነስታ ወደ ሳፋው ሄደች። ታጠበች፤ በጣም ረጅም ጊዜ ታጠበች። ነጠላዋን አሰረች። አጎበሩን ገልጣ ልጁን በሁለት እጇ አነሳችው፣ ለዘይነባ ከሰጠችው ከዚያች ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ፊቷን ግን ወደ በሩ እንዳዞረች ነበር።

«የኔ አይደለም» አለች። «የሰው ልጅ ነው። እኔ እንዲያው መያዜ ነው። የኔ አይደለም።» ደጋግማ፣ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው እየተወዛወዘች። አጥብቃ ስላቀፈችው የጣቶቿ ዳር ነጭ ሆኗል።

«ምን እያለች ነው?» አለች ዶክተሯ፣ መርፌውን እንደያዘች።

«የኔ አይደለም እያለች ነው።»

«ፈቃድ ነው?»

«ፈቃድ ነው» አልኩ። ትርንጎ በነጻ እጇ እስክሪብቶውን ተቀብላ፣ ከወረቀቱ «እናት» በሚለው ቦታ ላይ ስሟን በዝግታ ጻፈች። አፏ መካዱን አላቋረጠም።

መርፌው ሲገባ ልጁ አለቀሰ። ያን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማታችን ነበር፤ ዘይነባ አፏን ያዘች። በዚያው ቅጽበት በሩ ላይ የተሰቀለው የረጠበ አንሶላ ወደ ውጭ ተነስቶ ተመለሰ። ከባድ አንሶላ ነው። ቀትር ነው፣ በካርቲየ አንድ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም። ደጃፍ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ የሰለቸው ሰው ተነስቶ ሲሄድ እንደሚሆነው ነበር። አራታችንም አየነው።

«ነፋስ» አለች ዶክተር ሆዳን በፈረንሳይኛ።

«ነፋስ ነው ትላለች» ብዬ ተረጎምኩ። 

ደሙ በማታው አውሮፕላን ሄደ። ውጤቱም መጣ፤ ልጁ ጉድለቱ አለበት። ልጁ ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ለብቻው ተኝቶ ሳንባው ሲያገግም፣ ቦታው ተጠብቆለት ከእናቱ ጋር ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ። እዚያ ከመስታወት ጀርባ ወራት ተቀመጠ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ልታወጡት ያሰባችሁትን ትምህርት አውቀዋለሁ፤ አትቸኩሉ። አንዳንዶቻችሁ «አባቶቻችን ያውቁ ነበር» ልትሉ ነው። አያውቁም ነበር። ያ አጎበር ልጁን ቀን ጨመረለት እንጂ አላዳነውም፤ እኛ ብንዘገይ ኖሮ በዚያው ጓዳ፣ ስም ሳይኖረው፣ በሰባት ቀን ውስጥ ይሞት ነበር። ሌሎቻችሁ «ሳይንስ አሸነፈ» ልትሉ ነው። ሳይንስ ሦስት ሳምንት ሙሉ የተሳሳተ ልጅ ደም ሲመረምር ነበር፣ እናትየዋ የነገረችውን አንዲት የተማረች ሴት ስለቆረጠችበት። በሾተላይ ላይ የጻፍኩትን አልሻርኩም። ሾተላይ የለም። አንሶላውም ነፋስ ነው።

የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። በእነዚህ ዓመታት ፖሊስ ጣቢያ ቁጭ ብዬ ወደ የመን ሊሻገሩ ሲሉ ለተያዙ ስንት ልጆች አስተርጉሜአለሁ። አንዱ «ማታ ባሕሩ በወንድሜ ድምፅ ጠራኝ» ብሎኝ ነበር፤ እኔ «በጀልባ ሊሻገር ነበር» አልኩ። ያን ልጅ ወንድሙ የት ነው ብሎ የጠየቀው የለም። የቆረጥኳቸው ዐረፍተ ነገሮች ብዙ ናቸው፣ ሁሉም ከሰው አፍ የወጡ ናቸው፣ የት እንደደረሱ አላውቅም። ለብቻዬ ስሆን ይመጣሉ። በር አያንኳኩም። አሁን የተባለውን ሁሉ እተረጉማለሁ፤ መርማሪዎቹ ተሰላችተውብኛል፣ ሁለት ጊዜም በሌላ ሰው ተክተውኛል። ይተኩኝ። እናንተም ብትሆኑ፣ ሰው የማይረባ ነገር ሲነግራችሁ ቶሎ አታሳጥሩት። ስታሳጥሩት የምትጥሉት የትኛውን እንደሆነ አታውቁም።

ባለፈው ወር እሑድ ጠዋት ትርንጎ ከፈረንሳይ ደወለች። ሰላምታ ሳንጨርስ፣ «እትዬ፣ ልጄን ጉንፋን ያዘው» አለችኝ።

ከወንበሬ ተነሳሁ።

«አምስት ቀን አስነጠሰ» አለች። «ንፍጡ ይወርዳል፣ ይነጫነጫል፣ ሌሊት አያስተኛኝም። ዶክተሮቹ ምንም አልሰጡትም። ተይው፣ ራሱ ይጨርሰው አሉኝ። ዛሬ ጨረሰው። ጉንፋኑን ልጄ ራሱ ጨረሰው።»

ከኋላዋ ሕፃኑ እየጮኸ አንድ ነገር በብረት ላይ ይመታል። የመጣልኝን አልኩ።

«ትርንጎ፣ ልጄ እያልሽ ነው እኮ። ጮክ ብለሽ።»

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ይስማ።»